ከ1880ዎቹ የተረፈ የድንጋይ ሽንት ቤት፦ ሲሚንቶ ሳይነካው እንዴት ይጠገን?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ዊቺታ ነው። ባለፈው ዓመት ከባለቤቴ ጋር ካንሳስ ፍሊንት ሂልስ ውስጥ አሮጌ የእርሻ ቦታ ገዛን። ከዋናው ቤት በር በላይ 1884 የሚል ተቀርጿል። ከጓሮ በዚያው ድንጋይ የተገነባ ባለ ሁለት መቀመጫ ሽንት ቤት አለ፤ ውጩ 7 በ8 ጫማ፣ የግንቡ ውፍረት 16 ኢንች ነው። አንዱ የኋላ ማዕዘን ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ከላይ ጣት ያስገባል፣ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ድንጋዩ እየተላጠ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ያነጋገርነው ተቋራጭ የድንጋዮቹን መጋጠሚያ ሁሉ ፈልፍሎ በሲሚንቶ ሊሞላ፣ ውሃ የማያስገባ ቅባት ሊቀባ፣ ጉድጓዱንም በኮንክሪት ሊደፍን ዋጋ ሰጥቶናል። ትክክል ነው? ለእንግዶች ሽንት ቤት ልናደርገው እንችላለን? ካልሆነስ አፍርሰን ወደ ቤቱ አስጠግተን ብንሠራው? አንድ ጠርሙስ ሰብሳቢም ጉድጓዱን በነፃ ቆፍሬ ላጽዳላችሁ ብሏል። በታሪካዊነት ከተመዘገበ ደግሞ በገዛ ንብረታችን ማዘዝ ይቀራል ይባላል፤ እውነት ነው?»

ምላሽ፦ የተቋራጩን ሐሳብ አይቀበሉ። ከዘረዘራቸው ሥራዎች አንዱም ለዚህ ግንብ አይበጅም፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ግንቡ ካለበት አይነሣ፤ ከመጋጠሚያው የተጎዳው ብቻ በኖራ ይሞላ፤ ጉድጓዱ በአሸዋና በጠጠር ይደፈን። ለሽንት ቤትነት ግን አይመለስ።

መጀመሪያ ሕንፃው ምን ዓይነት እንደሆነ እንነጋገር፤ ብዙው ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰፋሪዎች ወደ ካንሳስ በገቡበት ዘመን አብዛኛው የገጠር ሽንት ቤት የእንጨት ነበር። ጉድጓዱ ሲሞላ አጠገቡ ሌላ ይቆፈርና የሳንቃው ቤት ተጎትቶ ወደ አዲሱ ይዛወራል፣ አሮጌው ጉድጓድ አፈር ይለብሳል። የድንጋዩ ግን የትም አይሄድም። የግንቡን ከፍታ 7 ጫማ ብንል፣ በሰጡት ልክ የእርስዎ ሽንት ቤት 210 ኪዩቢክ ጫማ ያህል ድንጋይ አለው፤ ክብደቱ ወደ 14 ቶን ይደርሳል። ስለዚህ የሠሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ የጉድጓዱን ዙሪያ በድንጋይ ይገነቡና ከኋላ በኩል ከግርጌ መጥረጊያ ክፍተት ይተዉ ነበር። ሲሞላ በዚያ በኩል በአካፋ ይጠረጋል። ከኋላው ግንብ ግርጌ በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በሳንቃ የተዘጋ ቦታ ይፈልጉ፤ ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመ አፈር ሸፍኖት ሊሆን ይችላል። ካገኙት በግንብ አይዝጉት፤ ከበሩና ከመቀመጫው ጋር የሕንፃውን አሠራር የሚናገረው እሱ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለጥገናው ወሳኝ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሕንፃ የኋላው ግንብ የሚያርፈው በጉድጓዱ ዙሪያ በተሠራው የሽፋን ግንብ ላይ ወይም ከእሱ ጥቂት ኢንች ወጣ ብሎ ነው። ጉድጓዱን የነካ ሰው መሠረቱን ነካ ማለት ነው። ተቋራጩ ጉድጓዱንና ግንቡን ለየብቻ ዋጋ ካወጣላቸው ይህን አላየም።

በዚያ አካባቢ ሽንት ቤት ሳይቀር በድንጋይ የተሠራው ከቅንጦት አይደለም። ፍሊንት ሂልስ ሣር እንጂ ዛፍ የለውም፤ በሃ ድንጋዩ ግን ከኮረብታው ጎን በንጣፍ በንጣፍ ተደርድሮ ይወጣል። በ1867 የወጣው የካንሳስ ሕግ ከብት ያለ አጥር የሚሰማራበትን ክፍት ግጦሽ አስቀርቶ፣ የድንጋይ አጥር ለሚሠራ ባለመሬት በየ16 ጫማ ተኩሉ 40 ሳንቲም እንዲከፈለው ስላደረገ ድንጋይ መደርደር የአገሩ ሙያ ሆነ። ከስትሮንግ ሲቲ አጠገብ ያለው፣ በ1881 የተሠራው ስፕሪንግ ሂል ራንች ዛሬ በብሔራዊ የሣር ምድር ጥብቅ ቦታ ውስጥ ይገኛል፤ መኖሪያ ቤቱ፣ ባለ ሦስት ፎቁ ጋጣና የድንጋይ ሽንት ቤቱ አንድ ላይ ተጠብቀዋል። ከዊቺታ በመኪና ግማሽ ቀን አይፈጅም። አንድም ሥራ ሳይጀምሩ ሄደው የመጋጠሚያውን ቀለምና ጥልቀት ይመልከቱ፤ ተቋራጩንም ይዘውት ቢሄዱ ጥሩ ነው።

ወደ ሲሚንቶው እንምጣ። በ1880ዎቹ በዚያ ገጠር ድንጋዩን ያያያዘው ሞርታር ከኖራና ከአሸዋ የተሠራ ነው። የአሜሪካ ፖርትላንድ ሲሚንቶ በ1870ዎቹ ፔንሲልቬንያ ውስጥ መመረት ቢጀምርም ለገጠር ግንበኛ የተለመደ ዕቃ የሆነው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የእርስዎን ለማወቅ በሚስማር ይጫሩት። ኖራ ከሆነ እየተፈረፈረ ይወርዳል፣ ውስጡም በደንብ ያልሟሙ ነጭ የኖራ ቁርጥራጮች በዓይን ይታያሉ። ሚስማሩ እየተንሸራተተ ግራጫ መስመር ብቻ ከተወ ቀድሞ የገባ የሲሚንቶ ጥገና ነው።

የድንጋይ ግንብ ከመሬትም ከዝናብም ውሃ ይጠጣል፤ ጤነኛ ሆኖ የሚቆየው የጠጣውን መልሶ ስለሚያስወጣ ነው። ኖራ ከድንጋዩ የላላና አየር የሚያስተላልፍ በመሆኑ ውሃው በመጋጠሚያው በኩል ይወጣል፤ መጎዳት ካለበትም የሚጎዳው መጋጠሚያው ነው፣ እሱ ደግሞ ይታደሳል። ሲሚንቶ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። መጋጠሚያው ይዘጋል፣ ውሃው በድንጋዩ ፊት በኩል ለመውጣት ይገደዳል፣ ክረምት ሲመጣ እዚያው በረዶ ሆኖ ያብጣል፣ ድንጋዩም ቅርፊት በቅርፊት ይላጣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚቀረው ግራጫ የሲሚንቶ መረብ ወደ ውጭ ተገትሮ፣ በመካከሉ ድንጋዩ ተቦርቡሮ ነው። ይህ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ጎንደር ፋሲል ግቢ ላይ በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና በኋላ ተነሥቶ በኖራ መተካት ነበረበት።

ስለዚህ የሚገዙት በውሃም የሚጠነክር የተፈጥሮ ኖራ ነው፤ ከረጢቱ ላይ ኤንኤችኤል 3.5 ይላል። ድንጋዩ በጥፍር እስኪፋቅ የላላ ከሆነ ኤንኤችኤል 2 ይሻላል፤ 5 የሚለውን ለዚህ ሥራ አይውሰዱ። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚፈጠር ስሕተት አለ፦ ታይፕ ኤስ የሚባል ሞርታርና ታይፕ ኤስ የሚባል ኖራ በአንድ መደብር ጎን ለጎን ይሸጣሉ። የመጀመሪያው ሲሚንቶ ያለበት፣ ሲደርቅ በስኩዌር ኢንች 1800 ፓውንድ የሚሸከም ጠንካራ ውህድ ነው፤ ሁለተኛው ሲሚንቶ የሌለበት ተራ የኖራ ዱቄት ነው። ፊደሉን ብቻ አይቶ የገዛ ሠራተኛ በኖራ ሠራሁ ብሎ ግንቡን በሲሚንቶ ያሽገዋል። ከረጢቱን ራስዎ ያንብቡ፤ «ፖርትላንድ» የሚል ቃል ካለ ይመልሱት።

መጠኑ የሚያስፈራ አይደለም። የውጭው ግንብ በሩ ሲቀነስ 195 ስኩዌር ጫማ ያህል ነው። ከዚህ ጥገና የሚያስፈልገው ሩብ ያህሉ ነው ብንል፣ በመጋጠሚያው ውስጥ ያሉትን ክፍተቶችና የሚባክነውን ጨምሮ ከ2 እስከ 3 ኪዩቢክ ጫማ ሞርታር ይበቃል። አንድ ባለ 25 ኪሎ ከረጢት ከ2 ተኩል እጥፍ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ይህን ይሸፍናል፤ ለመጠባበቂያ ሁለት ይግዙ። ልኩ በአካፋ ሳይሆን በባልዲ ነው፦ 1 ባልዲ ኖራ፣ ከ2 ተኩል እስከ 3 ባልዲ አሸዋ። አሸዋው የታጠበ፣ ከደቃቅ እስከ ሻካራ የተደባለቀ ይሁን፤ አንድ ወጥ የሆነ ደቃቅ አሸዋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀለሙ ከአሮጌው እንዲመሳሰል ከወደቀ ሞርታር አንድ ጭብጥ ሰብስበው ይፍጩትና ከሚገዙት አሸዋ ጋር ያነጻጽሩ፤ የግንቡን ቀለም የሚወስነው ከኖራው ይልቅ አሸዋው ነው።

መጋጠሚያው የሚፈለፈለው በመሮና በመዶሻ ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ መቁረጫ ዲስክ የገባ ሠራተኛ በአንድ ሰዓት የሚያበላሸውን የድንጋይ ጠርዝ የሚመልስ የለም። ጥልቀቱ ከመጋጠሚያው ስፋት ከ2 እስከ 2 ተኩል እጥፍ ይሁን፤ ሦስት አራተኛ ኢንች ለሚሰፋ መጋጠሚያ ከ1 ተኩል እስከ 2 ኢንች ማለት ነው። ጤነኛውን አይንኩ። «ሁሉንም ፈልፍሎ» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ 140 ዓመት የቆመ መጋጠሚያ ከሚተካው የተሻለ ነው። አሮጌ የሲሚንቶ ልጣፍ በቀላሉ ከተነሣ ያንሡት፤ ድንጋዩን ይዞ የሚወጣ ከሆነ ራሱ እስኪለቅ ይተዉት።

ከዚያ ትቢያውን ይጥረጉና ግንቡን ከዋዜማው ጀምሮ ያርጥቡ። ደረቅ ድንጋይ የሞርታሩን ውሃ መጥጦ ዱቄት ያደርገዋል፤ ውሃ የሚንጠባጠብበት ግንብም አይዝም። ርጥብ ሆኖ የማያብረቀርቅ ሲሆን ልኩ ነው። ሞርታሩ ጠጣር ይሁን፤ በእጅ ሲጨመቅ ቅርጹን ይይዛል እንጂ አይፈስም። ከሁለት ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ንብርብር ወደ ውስጥ ይጠቅጥቁት፤ ሰፊ ክፍተት ካለ በሞርታር ብቻ አይሙሉት፣ የዚያኑ ድንጋይ ስንጣሪ ይወትፉበት። የመጨረሻው ንብርብር ከድንጋዩ ጠርዝ ጥቂት ገባ ይበል፤ በድንጋዩ ፊት ላይ አይለሰን። አውራ ጣት ሲጫኑት ምልክት ብቻ የሚቀር ሲሆን በጠንካራ ብሩሽ ጫፍ እየመቱ ገጹን ያሻክሩት፤ በግንበኛ ማንኪያ ያለሰለሱት ገጽ ትንፋሹ ይዘጋል። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በርጥብ ጆንያ ይሸፈን፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ ይርከፍከፍ። የፍሊንት ሂልስ የበጋ ነፋስ ጥላ ያልተደረገለትን ኖራ በአንድ ከሰዓት ያደርቀዋል። የሥራው ወቅት ከሜይ እስከ ኦገስት መጨረሻ ነው። ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አይሠራ፤ ኖራው ውርጭ ከመምጣቱ በፊት ሳምንታት ያስፈልጉታል። ኖራ ዓይን ያሳውራል፣ ቆዳ ያቃጥላል፤ መነጽርና ጓንት ሳይኖር ከረጢቱ አይከፈት።

ከግርጌ የሚያዩት ነጭ ዱቄት ጨው ነው። በተራ ግንብ ላይ ቢሆን ከአፈሩ ይሆናል ባልን፤ እዚህ ግን ዋናው ተጠርጣሪ ናይትሬት ነው። ከሽንትና ከዓይነ ምድር የሚፈጠረው ናይትሬት በእርጥበቱ ተሸክሞ ወደ ግንቡ ይገባል፣ ውሃው ሲተን ጨው ሆኖ ይቀራል፣ ሲያድግ ድንጋዩን ከውስጥ ይገፋል። ለማረጋገጥ ዱቄቱን በብሩሽ ሰብስበው በጥቂት የተጣራ ውሃ ይበጥብጡና ለዓሣ ገንዳ የሚሸጠውን የናይትሬት መመርመሪያ ወረቀት ይንከሩበት። ጨው በውሃ አይታጠብም፤ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ እየጠረጉ፣ ዱቄቱን ሰብስበው ከግንቡ ርቀው ይጣሉ። በውስጥ በኩል እስከ ጉልበት የኖራ ልስን ማድረግ ይቻላል። ልስኑ ጨዉን ወደ ራሱ ስቦ በድንጋዩ ፈንታ ይፈርሳል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተፍቆ ይታደሳል። ጨዉ ጨርሶ ይጠፋል ብለው ግን አይጠብቁ። ፊቱ የተላጠ ድንጋይ ሸክሙን እስከቻለ ድረስ እንዳለ ይተው።

ውሃ የማያስገባ ቅባት የተባለውን ከዚህ አንጻር ይዩት። ቅባቱ ከፊት የሚመጣውን ዝናብ ቢያግድም ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት አይከለክልም። ጨዉ ከቅባቱ ጀርባ ይከማችና የድንጋዩን ፊት በአንድ ላይ ይገፋዋል። ቅባት አንዴ ከገባ አይወጣም። በአሲድ ማጽዳትም እንዲሁ ነው፤ በሃ ድንጋይን አሲድ ይበላዋል፣ ኮምጣጤም ቢሆን። በከፍተኛ ግፊት ውሃ ማጠብና በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግም አይሞከሩ። የድንጋዩ መሸበትና አረንጓዴ ሽፋኑ ጉዳት አይደለም።

ስንጥቁ ሌላ ጉዳይ ነው። ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠብ የማዕዘን ስንጥቅ ማዕዘኑ እየሰመጠ ወደ ውጭ መዘንበሉን ይናገራል። ከኋላ በኩል መሆኑ ሲታይ መንስኤው ከጉድጓዱ ሽፋን ግንብ መላላት ወይም ወደዚያ ከሚሰርግ ጎርፍ አይርቅም። መድኃኒቱም ከመጋጠሚያው አይጀምርም። መጀመሪያ ውሃውን ያርቁ፦ በዙሪያው የተቆለለውን አፈር ዝቅ አድርገው፣ መሬቱ ከግንቡ በ10 ጫማ ርቀት ላይ 6 ኢንች እንዲወርድ ያድርጉ፤ ሽቅብ ባለው በኩል ውሃውን የሚያስቀይስ ጥልቀት የሌለው ቦይ ይቅደዱ። ከግንቡ ሥር ግን አይቆፍሩ። በድሮ ጊዜ ሽንት ቤትን ለመከለል ሊላክ የተባለውን ቁጥቋጦ መትከል የተለመደ ነበርና እርስዎም ጋ ሊኖር ይችላል፤ ግንቡ ውስጥ የገባ ሥር ካለ ከመሬት ላይ ቆርጠው ይተዉት። መንቀል ድንጋዩን ይዞ ይወጣል።

ጉድጓዱን በኮንክሪት መድፈን የማይቀለበስ ስሕተት ነው። ኮንክሪቱ ከሥር የሚመጣውን እርጥበት ወደ ግንቡ ይገፋል፣ ፈሳሽ ሳለ በላላው የሽፋን ግንብ ላይ ግፊት ያሳርፋል፣ ከሥሩ ያለውንም ለዘላለም ይቀብራል። ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። ከላይ ሆነው ፎቶ ያንሡ፣ ጥልቀቱን በዘንግ ይለኩ። ያለው ደለል አይውጣ። በላዩ ውሃ የሚያሳልፍ የግንባታ ጨርቅ ያንጥፉ፤ በዚያ ላይ ቀድሞ ሻካራ አሸዋ፣ ቀጥሎ ሦስት አራተኛ ኢንች የታጠበ ጠጠር በ6 ኢንች ንብርብር ያስገቡ። እያንዳንዱን ንብርብር ከላይ ሆነው ረጅም እጀታ ባለው መደምደሚያ በእጅ ይጠቅጥቁ። የሚንቀጠቀጥ ማሽን አይግባ። ከወለሉ በታች አንድ ጫማ ያህል ባዶ ይቅር፣ የአየር ቀዳዳዎቹም ክፍት ይሁኑ። ጉድጓዱ ለምሳሌ 5 ጫማ ረዝሞ፣ 2 ተኩል ጫማ ሰፍቶ፣ የሚሞላው ጥልቀት 4 ጫማ ቢሆን 50 ኪዩቢክ ጫማ ነው፤ ሁለት ኪዩቢክ ያርድ አሸዋና ጠጠር ይበቃዋል። ሸክላ አፈር አይጠቀሙ፤ ውሃ ይዞ ያብጣል።

ወደ ጉድጓዱ ማንም አይውረድ። የተዘጋ ጉድጓድ ኦክስጅን ሊያጣ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ሚቴን ሊይዝ ይችላል፤ የላላ ግንብም ከላይ ይናዳል። በመቀመጫው ቀዳዳ ጭንቅላት ማስገባት፣ ክብሪት መጫርም ክልክል ነው። መቶ ዓመት ያለፈው ደለል በአብዛኛው አፈር ሆኗል፤ እውነተኛው አደጋ ከላይ ያለው ነው። የአይጥ ኩስ ከባድ የሳንባ በሽታ የሚያመጣውን ሃንታ ቫይረስ ሊይዝ ስለሚችል በደረቁ አይጠረግ፦ በሩን ለግማሽ ሰዓት ከፍተው ያናፍሱ፣ 1 እጅ በረኪና ከ9 እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለው ኩሱን ያርጥቡ፣ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፣ በወረቀት ይሰብስቡ። በረኪናው ወለልና ሳንቃ ላይ ይቅር፤ ድንጋዩ ላይ ተጨማሪ ጨው ነው። የወፍ ወይም የሌሊት ወፍ ኩስ ካለ ሳንባ የሚያጠቃ ፈንገስ ስለሚኖርበት ተራ የአፍ መሸፈኛ አይበቃም፤ ልከኛ የመተንፈሻ ጭምብል ያድርጉ። ከመቀመጫው ሳንቃ ሥር ብላክ ዊዶ የተባለችው መርዘኛ ሸረሪት መኖር ትወዳለችና ባዶ እጅ አይስደዱ። በሩ ላይ አሮጌ ቀለም ካለ እርሳስ እንዳለበት ሳይመረመር በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፈግ።

ጠርሙስ ሰብሳቢውን በትህትና ይመልሱት። «ነፃ ጽዳት» የሚለው ዋጋ አለው። የዘመኑ ሰው የሰበረውን ሳህን፣ የመድኃኒት ብልቃጥና የበላውን ፍሬ ዘር ወደዚያ ይጥል ነበር፤ የሚጠቅመውም በየንብርብሩ እንደተቀመጠ ሲገኝ ነው። ጠርሙሶቹን መርጦ የሚሄድ ሰው ንብርብሩን ያፈርሳል። በዚያ ላይ ለግንቡ መሠረት ሳይሆን ለጠርሙሱ ነው የሚቆፍረው፤ ማዕዘንዎ ቀድሞውኑ እየሰመጠ ነው። አንድ ቀን ቁፋሮ ካስፈለገ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ይሥራው፤ አሸዋና ጠጠሩ በቀላሉ ይወጣል።

ለእንግዳ ሽንት ቤትነት? አይሆንም። የፍሊንት ሂልስ ከርሠ ምድር የተሰነጣጠቀ በሃ ድንጋይ ነው፤ ወደ ጉድጓድ የገባው ፍሳሽ በአፈር ሳይጣራ በስንጥቁ ወደ ውሃ ጉድጓድ ሊደርስ ይችላል። የሽንት ቤት ጉድጓድ አደጋ የታወቀው ዛሬ አይደለም። ከ1904 ጀምሮ የካንሳስ ጤና ቦርድን የመሩት ዶክተር ሳሙኤል ክራምባይን ዝንብን ከክፍት ሽንት ቤት ወደ ማዕድ በሽታ የምታመላልስ ናት ብለው ዘመቻ የከፈቱት በዚያው ግዛት ነው። እንግዳ የሚበዛባችሁ ከሆነ ከካውንቲው የአካባቢ ጤና ጽሕፈት ቤት ፈቃድ አውጥተው ሌላ ቦታ ያሠሩ። የምትጠጡት ከጉድጓድ ውሃ ከሆነ አሁኑኑ ለናይትሬትና የብክለት ምልክት ለሆነው ኮሊፎርም ባክቴሪያ ይመርመር፤ የናይትሬት ጣሪያው፣ በናይትሮጅን ሲለካ፣ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ነው። ጨቅላ ሕፃን ላለበት ቤት ይህ አይዘገይም።

አፍርሶ ማስጠጋትን በተመለከተ፣ 14 ቶን ድንጋይ ቁጥር ተጽፎበት፣ ተነቅሎ፣ ተመልሶ ሲደረደር ዋጋው ከጥገናው ብዙ እጥፍ ነው፤ የሚገኘውም አሮጌ ድንጋይ የለበሰ አዲስ ሕንፃ ነው። ከቤቱ መራቁ፣ የሚያይበት አቅጣጫ፣ ከታች ያለው ጉድጓድ የታሪኩ ግማሽ ናቸው። አስገዳጅ ምክንያት ከሌለ፣ ለምሳሌ መንገድ የሚያልፍበት ካልሆነ፣ አይነሣ።

የምዝገባው ፍርሃት በዲያስፖራው ብቻ ሳይሆን በገበሬዎቹም ዘንድ የተለመደ ነው፤ መሠረት ግን የለውም። በ1966ቱ ሕግ የተቋቋመው የታሪካዊ ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብ፣ ባለንብረቱ በራሱ ገንዘብ በራሱ መሬት ላይ የሚሠራውን አይከለክልም። የመንግሥት ገንዘብ ወይም ፈቃድ ሲገባበት ግን ግምገማ ሊመጣ ይችላል። የከተማ ወይም የካውንቲ ደንብ የተለየ ሊሆን ስለሚችል ያንን ለብቻ ይጠይቁ። ሽንት ቤቱ ብቻውን ሳይሆን ከቤቱና ከጋጣው ጋር አንድ ላይ ነው የሚታየው። 20 በመቶው የፌዴራል የታክስ ቅናሽ ገቢ ለሚያስገኝ ሕንፃ ብቻ ነው፤ የራስዎ መኖሪያ አይገባበትም። ካንሳስ ግን ለተመዘገቡ ቤቶች የራሷ ቅናሽ አላት። ሥራው ሳይጀመር ማመልከትና ማስፈቀድ ግዴታ ስለሆነ፣ አንድ ባልዲ ኖራ ከመበጥበጥዎ በፊት ቶፒካ ወደሚገኘው የግዛቱ ታሪካዊ ቅርስ ጽሕፈት ቤት ይደውሉ።

ስለ ጣራው አጭር ነገር። ቆርቆሮ ከሆነና ካላፈሰሰ አይቀየር፤ ከግንቡ ቢያንስ 6 ኢንች ወጥቶ ውሃውን እንዲጥል ብቻ ያድርጉ። በግንቡ ራስ ላይ የሚገባው ውሃ ከፊት ከሚመታው ዝናብ ይከፋል። በሩ ላይ ጨረቃ የተቀረጸ ከሆነ «የሴቶች ምልክት ነው» የሚሉትን እንደ ወሬ ይስሙት፤ ለአየርና ለብርሃን የሚሆን ቀዳዳ ነው። በየዓመቱ በማርችና በኤፕሪል ግጦሹ ሆን ተብሎ ሲቃጠል ግን ይጠንቀቁ። የሣር እሳት የእንጨት በርና ጣራ በደቂቃዎች ይበላል፣ ግለቱም በሃ ድንጋይን ይሰነጥቃል። ከወቅቱ በፊት በዙሪያው ቢያንስ 30 ጫማ ሣሩን አጭደው ያንሡ፤ መሬቱን ለግጦሽ ያከራዩት ከሆነም በውሉ ውስጥ ይግባ። ከብቶቹም ማዕዘኑን እንዳይታከኩት በዚያው ርቀት አጥር ይበጅ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ውሃውን ማራቅ፣ ስንጥቁን መከታተል፣ ጉድጓዱን መሙላት፣ በመጨረሻ መጋጠሚያው ነው። ስንጥቁ ላይ ዛሬውኑ በሁለቱም ወገን በእርሳስ መስቀል ያድርጉ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ለክተው ከቀኑ ጋር ይጻፉ፣ በየወሩ ይድገሙት። በዓመት ውስጥ ካልተንቀሳቀሰ በኖራና በድንጋይ ስንጣሪ ይሞላል። 3 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሰፋ ጉድጓዱንም ግንቡንም ሳይነኩ፣ በአሮጌ የድንጋይ ሕንፃ ልምድ ያለው የስትራክቸር መሐንዲስ ይጥሩ፤ እስከዚያው በዚያ ማዕዘን በኩል ልጅ አይጫወት።